ለስኳር ቁስል ከውጭ ምን ልላክ? ጎዝ፣ ፎም፣ ብር፣ ማር፣ ቫክዩም ጎን ለጎን

«እናቴ ስኳር አለባት፣ እግሯ ቆስሎ አልሽር አለ፣ ጥሩውን ንገሪኝና ልላክላት» የሚል መልእክት በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ይደርሰኛል። ነርስ ስለሆንኩ ነው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ የሰው ቁስል አጥባለሁ፣ አሽጋለሁ፣ ከዛ በፊትም ሀገር ቤት ሰርጂካል ዋርድ ሰርቻለሁ። ለእያንዳንዱ በቮይስ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። የምጽፈው ስለ ስኳር የእግር ቁስል ነው፣ የሌላ አይነት ቁስል መሀል መሀል ላይ ካነሳሁ እግረ መንገዴን ነው።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር። ጋሼ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ደሴ ነው የሚኖረው፣ ከአውራ ጣቱ ስር ልክ የሚረግጥበት ቦታ ላይ ክብ ቁስል ወጣችበት፣ ትንሽ ናት፣ ግን ወር አለፋት ሁለት ወር አለፋት አልሽርም አለች። እኔ ደግሞ የሙያው ሰው ነኝ አይደል፣ ብሬን አውጥቼ ብር ላኩለት፣ ማለቴ ብር የተባለው ማዕድን ያለበት ውዱን ድሬሲንግ (የቁስል መሸፈኛ)፣ ግማሽ ሻንጣ። ከአራት ወር በኋላ ለእረፍት ስሄድ ቁስሉ እዛው ነው፣ እንደውም ጠርዙ እንደ ተረከዝ ደንድኗል። ለካ ጋሼ በየቀኑ ድሬሲንጉን በስርአቱ ይቀይርና ያቺኑ ጠባብ ጫማውን አድርጎ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። «አላመመኝም እኮ» አለኝ። አዎ አያመውም፣ ስኳሩ የእግሩን ነርቭ ስለገደለው ነው የማያመው፣ ችግሩም እሱ ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ እቃዎቹ። እኛ ሀገር «ቁስል ይድረቅ፣ አየር ይንካው» ነው የሚባለው፣ እኔም ያደግኩት በዛ ነው። እንደ ፈረንጅ በ1962 ግን ጆርጅ ዊንተር የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ አሳማ ላይ ሞክሮ፣ ተሸፍኖ እርጥበቱ የተጠበቀ ቁስል ቅርፊት ይዞ ከደረቀው በግምት በእጥፍ ፍጥነት አዲስ ቆዳ እንደሚሸፍነው አሳየ። ከዛ ወዲህ የመጣው የድሬሲንግ አይነት ሁሉ ባብዛኛው የዛ ልጅ ነው፣ የሚለያዩት እርጥበቱን በምን ያህል ይይዛሉ በሚለው ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የምትጠይቁት የቁስሉን ፈሳሽ ነው። ሲፈታ ጎዙ ደርቆ ይመጣል? ረጥቦ ይመጣል? ወይስ ካልሲው ድረስ ያርሳል? ፎቶ ብቻ አይበቃም፣ ፎቶ ላይ ሁሉም ቁስል ቀይ ነው።

ጎዝ። ርካሽ ነው፣ የትም አለ፣ ማንም ያውቀዋል። ክፋቱ ከቁስሉ ጋር አብሮ ይደርቅና ስትስቡት ትናንት የበቀለችውን ቆዳ ይዞ ይነሳል፣ ሰውየው ነርቩ ስለሞተ አይጮህም እንጂ በየቀኑ እያቆሰላችሁት ነው። ቫዝሊን ያለው ጎዝ ከስር ብታደርጉ ወይም በሳላይን (በንጹህ የጨው ውሃ) አርሳችሁ ብታነሱት ይሻላል። አትናቁት ግን፣ ኢንፌክሽን ያለበትና በየቀኑ መታየት ያለበት ቁስል ላይ ውድ ነገር ለጥፎ በየቀኑ መጣል ኪሳራ ነው፣ እዛ ጋ ጎዝ ያሸንፋል።

ሃይድሮኮሎይድና ፎም ሰው በጣም የሚያምታታቸው ናቸው፣ ሁለቱም ቆዳ የሚመስል ካሬ ናቸውና። ሃይድሮኮሎይዱ፣ ዱኦደርም የሚባለው አይነት፣ ከቁስሉ ፈሳሽ ጋር ሲገናኝ ጄል ይሆናል፣ ውሃ አያስገባም፣ እስከ ሰባት ቀን ይቆያል፣ ፈሳሹ ትንሽ ለሆነ ቁስል፣ ለምሳሌ ላይ ላዩን ለሆነ የመኝታ ቁስል፣ አሪፍ ነው። ግን ሲከፈት ቢጫ ጄል አለው፣ ይሸታል፣ ሀገር ቤት ያለው ሰው «መግል ያዘ!» ብሎ ይደነግጣል፣ ደውሎ ያስደነግጣችኋል። ከዛ በላይ ደግሞ አየር ዘግቶ ስለሚያሽግ ኢንፌክሽን የጀመረው የስኳር እግር ላይ አድርጋችሁ ሳምንት ብትተዉት ከስር ምን እየሆነ እንዳለ አታዩም። ለስኳር እግር እኔ አልልክም።

ፎሙ፣ ሜፒሌክስ ወይም አሌቪን በሉት፣ መካከለኛ ፈሳሽ ይመጥጣል፣ ትንሽ ደግሞ ትራስ ይሆናል፣ ጠርዙ ሲሊከን ከሆነ የሽማግሌ ቆዳ ሳይልጥ ይነሳል። ሦስት አራት ቀን ይሄዳል፣ ፈሳሹ ወደ ጠርዙ ሲጠጋ ትቀይራላችሁ፣ ማንም ቤተሰብ ይችለዋል። አሜሪካ አንዱ ፍሬ ከጥቂት ዶላር እስከ አስራ ምናምን ነው እንደ ስፋቱ። ምረጪ ካላችሁኝ ለአብዛኛው ሰው ይሄ ነው፣ ያውም ብር የሌለበት ተራው።

ካልሲ የሚያርስ ከሆነ አልጂኔት ወይም እንደሱ ያለው አኳሴል። አልጂኔት ከባህር አረም ነው የሚሰራው፣ ፈሳሽ ሲነካ ጄል ይሆናል፣ ጉድጓድ ያለው ቁስል ውስጥ ገባ ተደርጎ ከላይ በፎም ወይም በጎዝ ይሸፈናል። ደረቅ ቁስል ላይ አታድርጉት፣ ይጣበቃል።

ብርና ማር አንድ ላይ ልያቸው፣ ሁለቱም «ጀርም ይገድላል» ተብለው ነው የሚሸጡት። ብር በእርግጥ ባክቴሪያ ይገድላል፣ ጥያቄው ቁስሉ ቶሎ ይሽራል ወይ ነው። በ2009 የወጣው ቩልካን የተባለ የእንግሊዝ ጥናት የብር ድሬሲንግን ከተራ ድሬሲንግ ጋር በደም ስር ችግር በመጣ የእግር ቁስል ላይ አወዳድሮ በ12 ሳምንት የሻረው በብሩ 59.6 ከመቶ፣ በተራው 56.7 ከመቶ ሆነ፣ ልዩነት አልተገኘም፣ ዋጋው ግን ይለያያል። ማሩም እንደዛው፣ ኒውዚላንድ ውስጥ 368 ሰው ላይ ተሞክሮ የማር 55.6፣ የተለመደው 49.7 ከመቶ መጣ፣ ይቺ ልዩነት ደግሞ በአጋጣሚ ልትመጣ የምትችል ናት፣ ማር የተደረገላቸው ሰዎች ላይ ህመሙም በዛ ብሏል። የስኳር እግር አለም አቀፍ ቡድን የ2023 መመሪያም ቁስሉን ቶሎ ለማሻር ብላችሁ ብርም ማርም አትጠቀሙ ነው የሚለው።

«ማር እኮ እኛ ሀገር ሞልቷል፣ የላሊበላ ነጭ ማር እያለ» የሚለኝ አለ። ላይ ላዩን ለሆነ ቃጠሎ ማር የተሻለ ማስረጃ አለው፣ እሺ። ግን ሜዲሃኒ የሚባለው የህክምና ማር በጨረር የጸዳ ነው፣ የወጥ ቤቱ ማር ውስጥ የቦቱሊዝም (ሰውነት የሚያሽመደምድ መመረዝ) ባክቴሪያ ዘር፣ ስፖር የሚባለው፣ ሊኖር ይችላል፣ ክፍት የስኳር ቁስል ውስጥ እሱን ማፍሰስ አልወድም። ለሻይ ይሁን።

ቫክዩሙ ሌላ ነገር ነው። ስፖንጅ ቁስሉ ውስጥ ይገባል፣ በፕላስቲክ ይታሸጋል፣ ማሽኑ ባብዛኛው በ125 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት ይስባል፣ ፈሳሹን ያወጣል፣ ጠርዙን ይሰበስባል። አርጀንታና ሞሪክዋስ የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ናቸው በ1997 ያስተዋወቁት። ከቀዶ ጥገና በኋላ ለሚቀር ትልቅ ጉድጓድ፣ ለምሳሌ ጣት ተቆርጦ፣ በጣም ጥሩ ነው፣ እኔ ራሴ እጅ የሚያህል ጉድጓድ ሲሞላ አይቻለሁ። ለመላክ ግን? መብራት ይፈልጋል፣ ፈሳሽ መያዣው ይሞላል፣ ስፖንጁ በየ48 እስከ 72 ሰአት በሚያውቅ ሰው ይቀየራል፣ አንዴ እቃው ካለቀ ማሽኑ የቤት ጌጥ ነው። ፒኮ የሚባል በባትሪ የሚሰራ ትንሽዬ አለ፣ ሰባት ቀን ሄዶ ይጣላል፣ መያዣም የለውም፣ ግን ፈሳሹ ብዙ ለሆነ ቁስል አይሆንም። ኤም አይ ቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በእጅ የሚጨመቅ ርካሽ መሳቢያ ሰርተው በ2010 ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ ሃይቲ ወስደውት ነበር፣ እንዲህ አይነቱ ነበር ለኛ የሚሆነው። ለማንኛውም የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍ ዲ ኤ በ2009ም በ2011ም ከዚህ ማሽን ጋር ደም ፈሷቸው የሞቱ ሰዎች ስላሉ አስጠንቅቋል፣ ስለዚህ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቤት ያለ ሀኪም አትላኩ። የሞተ ጥቁር ሥጋ ላይ ወይም ካንሰር ያለበት ቁስል ላይም አይደረግም።

ከዛ በላይ ያሉት ውድ ውዶቹ ናቸው፣ ስማቸው ስለሚያምር ሰው ይጠይቃል። አፕሊግራፍ ከሰው የቆዳ ሴልና ከከብት ኮላጅን ላብራቶሪ ውስጥ ያደገ ህያው ቆዳ ነው፣ የስኳር እግር ላይ በ12 ሳምንት 56 ከመቶ ሻረ፣ ያለሱ 38፣ ግን እድሜው በቀን የሚቆጠር ነው፣ ሙቀቱም ተጠብቆ ነው የሚጓዘው፣ ቦሌ ካርጎ ሳይወጣ ይሞትባችኋል። የአይስላንዱ ኬሬሲስ ከኮድ አሳ ቆዳ ነው፣ መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጥ ለጉዞ ይሻላል፣ ግን መጀመሪያ ቁስሉን ቆርጦ የሚያጸዳ ሀኪም ከሌለ አሳውን በሞተ ሥጋ ላይ ማንጠፍ ነው። ሬግራኔክስ የሚባለው ጄል የሰውነት የራሱን የእድገት ፕሮቲን የያዘ ነው፣ በሱ 50 ከመቶ ሻረ፣ ያለሱ 35፣ ፍሪጅ ይፈልጋል፣ አንዱ ቱቦ ብዙ መቶ ዶላር ነው። ከነዚህ መሀል ሰው ሳያየው ያለፈው የሚመስለኝ የፈረንሳዩ ኡርጎስታርት ነው፣ እንደ ተራ ድሬሲንግ ይለጠፋል፣ በ2018 በወጣ ጥናት ደም ዝውውራቸው በመጠኑ የቀነሰ የስኳር ታማሚዎች ላይ በ20 ሳምንት 48 ከመቶ ሻረ፣ ያለሱ 30። አውሮፓ ያላችሁ ፋርማሲ ጠይቁ።

እና ጋሼ። በ2001 አሜሪካ ውስጥ አርምስትሮንግ የሚባል የእግር ሀኪምና ጓደኞቹ ድሬሲንግ ሳይሆን ቁስሉ እንዳይረገጥ የሚያሳርፍ ጫማ አወዳደሩ። እስከ ጉልበት የሚደርስ የማይወልቅ ጄሶ፣ የሚወልቅ የህክምና ቡት፣ የፊት እግርን ከመርገጥ የሚያሳርፍ ግማሽ ጫማ። በ12 ሳምንት ጄሶው 89.5 ከመቶ፣ ቡቱ 65፣ ግማሽ ጫማው 58 አሻረ። ጥናቶቹ የተለያዩ ሰዎች ላይ ስለሆኑ ቁጥሩን ከላይ ካሉት ጋር ደፍኖ ማነጻጸር አይቻልም፣ አውቃለሁ፣ ግን ዘጠና የሚጠጋ ሌላ ቦታ አይታችሁ እንደሆነ ንገሩኝ። ጄሶው ቡቱን የበለጠበት ምክንያት ደግሞ ስለማይወልቅ ነው! ሰው ቡቱን ያወልቀዋል፣ ከሁለት አመት በኋላ እዛው ቡድን ሲለካ ታማሚዎቹ ከሚራመዱት እርምጃ ቡቱን አድርገውት የተራመዱት 28 ከመቶውን ብቻ ነበር። ጋሼ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ጄሶው ግን ሁሉም እግር ላይ አይሆንም፣ እግሩ ከቀዘቀዘና ደም ካልደረሰው ወይም ኢንፌክሽን ካለው አደገኛ ነው፣ የሚያስረውም የለመደ እጅ መሆን አለበት። እግሩ ጥቁር ከሆነ፣ አጥንት ከታየ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ቅላቱ ወደ ላይ ከወጣ ደግሞ ሻንጣውን ተዉት፣ የዛኑ ቀን ሆስፒታል ነው።

ስለዚህ መቶ ሃምሳ ዶላር አለኝ ለምትሉኝ፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ እስከ ጉልበት የሚደርስ ያንን የህክምና ቡት እገዛለሁ፣ ጫማ ቁጥሩን ጠይቃችሁ፣ በግምት አይሆንም። ከዛ ተራ የሲሊከን ፎም አስር በአስር ሁለት ፓኬት፣ ማብቂያ ቀኑን አይታችሁ። ከተረፈ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ፣ መርፌ ቢወጉ ክኒን ቢውጡ ስኳሩ ካልወረደ ቁስሉ አይገፋም። ሳላይን ከዚህ አትሸከሙ፣ እዛ አለ፣ ውሃ ነው የምታጓጉዙት። አልኮልና ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ቤት ካለ አዲሱን ሥጋ ስለሚገድለው ቁስሉ ውስጥ አታፍሱ በሏቸው።

ጋሼን በዛው እረፍቴ ሀኪም ጋ ወስደን ደም ዝውውሩ ደህና መሆኑ ታየ፣ ጠርዙ ላይ የደነደነው ተቆርጦ ጸዳ፣ ቡት አደረግንለት፣ ማታ እንዳያወልቀው የልጁ ሚስት በፋሻ ዙሪያውን ጠመጠመችበት (የሷ ሀሳብ ነው፣ በኋላ ሳነብ ቡቱን እንዳይወልቅ አድርጎ ማሰር የታወቀ ዘዴ ሆኖ አገኘሁት)። ላዩ ላይ ያደረግነው ተራ ፎም ነው። በአስራ አንደኛው ሳምንት ቁስሉ ሻረ። ያቺን ጠባብ ጫማ ግን አልጣላትም፣ ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ አልጋው ስር አየኋት።