አዳማ ላይ የግቢ በርና አጥር ለምታሠሩ፦ «በካሬ» የሚለው ዋጋ የሚደብቀው

ቤቱ አልቆ ግቢው ሲቀር የሚቀርብላችሁ ዋጋ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ «በካሬ ይህን ያህል፤ ቀለሙም፣ ቁልፉም፣ ገጠማውም በእኛ»። አብሮም ስልክ ላይ የሚያምር በር ፎቶ ይታያል። ያንኑ ፎቶ ይዞ ሁለት ሦስት ብየዳ ቤት የዞረ ሰው አንዱ ከሌላው በሩብ ሲረክስለት ደስ ብሎት ቀብድ ይከፍላል። ቆም በሉ። ላሜራውና (ዝርግ ብረቱና) ቱቦላሬው (ውስጡ ክፍት የሆነው ባለአራት ማዕዘን የክፈፍ ብረት) ለሁሉም የሚመጣው ከዚያው ገበያ ነው፤ የእጅ ዋጋም ያን ያህል አይራራቅም። በሩ የረከሰው ብረቱ ስለቀነሰ ነው። ውሉ ላይ ካሬው ብቻ ተጽፎ ውፍረቱ ካልተጻፈ፣ ሠሪው የፈለገውን ቢያስገባ የምትሞግቱበት ነገር የላችሁም።

ሂሳቡን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። አንድ ካሬ ላሜራ በየ1 ሚሊ ውፍረቱ 7.85 ኪሎ ይመዝናል። 4 ሜትር ስፋት፣ 2.4 ሜትር ቁመት ያለው ባለሁለት ክንፍ በር 9.6 ካሬ ነው። በ1.5 ሚሊ ከተሠራ ላሜራው ብቻ 113 ኪሎ ይሆናል፤ በ0.8 ሚሊ ከሆነ ግን 60 ኪሎ። ክፈፉም ላይ ተመሳሳይ ቅነሳ አለ። 6 ሜትር ርዝመት ያለው 60 በ40 ቱቦላሬ 2 ሚሊ ሲሆን ቤርጋው (አንዱ ሙሉ ዘንግ) ወደ 18 ኪሎ፣ 1.2 ሚሊ ሲሆን 11 ኪሎ ነው። እንዲህ ያለ በር ቢያንስ 5 ቤርጋ ይፈጃል። ሁለቱን ደምሩት፤ በዚያው ካሬ፣ በዚያው ፎቶ፣ ወደ 88 ኪሎ ብረት ጠፍቷል። ቀለም ከተቀባ በኋላ በዓይን አይታወቅም።

ስለዚህ መለካት ያለበት ቀለም ሳይነካው ነው። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሌላችሁ ከብረት መሸጫ ተዋሱ። ላሜራውን ጠርዙ ላይ፣ ቱቦላሬውን የተቆረጠው ጫፍ ላይ ለኩ። «1.5 ነው» ተብሎ ሲለካ 1.2 የሚወጣ ላሜራ ገበያ ላይ አለ፤ «ፋብሪካው እንደዚያ ነው የሚለው» የሚል መልስ ይሰጣችኋል። ውል ላይ «በካሊፐር ሲለካ ከ1.4 የማያንስ» ብሎ መጻፍ ይህን ክርክር ይዘጋዋል። ናሙና ብለው ጠረጴዛ ላይ የሚያሳዩት ቁራጭ ምንም ዋስትና አይሆንም፤ የእናንተው በር ላይ የተቆረጠውን ለኩ። በሩ ቀድሞ ከተቀባ ደግሞ አንዱን ክንፍ ብረት መሸጫ ሚዛን ላይ አስወጡት። በ1.5 ሚሊ ላሜራና በ2 ሚሊ ቱቦላሬ የተሠራ ክንፍ ከማጠፊያውና ከጌጡ ጋር ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል። ሁለት ሰው ቀለል አድርጎ ካነሳው መልሱን አግኝታችኋል። የመኪና ሚዛን ላይ አትውሰዱት፤ ለዚህ ዓይነት ልዩነት በጣም ሻካራ ነው።

በካሬው ራሱም ይጫወቱበታል። ቅስት አናት ያለው በር በከፍተኛው ነጥቡ ተለክቶ እንደ ሙሉ አራት ማዕዘን ይቆጠራል፤ በየጎኑ ባዶ አየር ትከፍላላችሁ። የጦር ጫፍ ጌጡ 25 ሳንቲም ወደ ላይ ከወጣ በ4 ሜትር ስፋት አንድ ሙሉ ካሬ ጨመረ ማለት ነው። ትልቁ በር ውስጥ የሚከፈተው የሰው መግቢያ ደግሞ አንዴ በትልቁ ካሬ፣ አንዴ ለብቻው «ትንሿ በር» ተብሎ ሲቆጠር ብዙ ሰው አያስተውልም። ለትንሿ በር የተለየ የእጅና የቁልፍ ዋጋ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ካሬዋን ደግሞ መቁጠር ግን አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ አዳማ ላይ ሊታሰብበት የሚገባው ነፋሱ ነው። ከከተማው ዳር 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት አዳማ አንድና አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት በከንቱ አይደለም። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ አንድ ካሬ ድፍን ላሜራን ቢያንስ 25 ኪሎ በሚሆን ኃይል ይገፋዋል። 9.6 ካሬ በር ላይ 240 ኪሎ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስስ ላሜራ በዚህ መሃል «ቡም፣ ቡም» እያለ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይታጠፋል፤ ያ ድምፅ ብየዳውን በየቀኑ እያላላው መሆኑን አትርሱ። በስልክ የምታዩት ፎቶ ግን ነፋስ ከሌለበት ሰፈር፣ አንዳንዴም ከሌላ አገር የተነሳ ነው።

ድፍን በር የምትፈልጉት መንገደኛ እንዳያይ ከሆነ፣ ላይኛውን 50 ሳንቲም ፍርግርግ አድርጉት። የሚያይ ሰው ቁመቱ እዚያ አይደርስም፤ ነፋሱ የሚይዘው ስፋት ግን ከ9.6 ወደ 7.6 ካሬ ይወርዳል። ድፍኑ ክፍል ከጀርባው በየ60 ሳንቲሙ ማጠንከሪያ ይኑረው። የወለል መቀርቀሪያው ከ16 ሚሊ የማይቀጥን ድቡልቡል ብረት ሆኖ ቢያንስ 10 ሳንቲም ይውረድ። ብዙ ሠሪ የሚረሳው ነገር ደግሞ በሩ ሲከፈትም መቀርቀሪያው የሚገባበት ሁለተኛ ቀዳዳ ነው። ክንፉ መኪና ላይ የሚመታው ሲዘጋ ሳይሆን ተከፍቶ መኪናው በመግባት ላይ እያለ ነው። ቀዳዳውን በቱቦ አልብሱት፤ ቱቦው ከታች ክፍት ሆኖ ጠጠር ላይ ይረፍ፤ አለዚያ በክረምት ጎርፉ በሚያመጣው አሸዋ ይደፈንና መቀርቀሪያው ሁለት ሳንቲም ብቻ ይገባል።

ስለ ማጠፊያና ኮለን (በሩ ስለሚሰቀልበት ምሰሶ) ማንም ሻጭ አያነሳላችሁም፤ የሚወድቀው ግን እዚያ ጋ ነው። 100 ኪሎ የሚመዝን፣ 2 ሜትር ስፋት ያለው ክንፍ በ1.8 ሜትር ርቀት በተቀመጡ ማጠፊያዎች ሲንጠለጠል፣ ነፋስ ሳይነካው እንኳን ላይኛውን ማጠፊያ በ55 ኪሎ ያህል ወደ ውጭ ይስበዋል፤ ቀንም ሌትም። ኮለኑ ብሎኬት ተደርድሮ የተለሰነ ከሆነ ይህን አይችልም። ቢያንስ 30 በ30 ሳንቲም የሆነ፣ አራት ባለ12 ሚሊ ፌሮ፣ በየ20 ሳንቲሙ ስታፋ (ፌሮዎቹን ዙሪያ የሚያስር ቀለበት) ያለው፣ መሠረቱ የወረደ አርማታ ያስፈልጋል። አርማታው ከመሞላቱ በፊት የፌሮ እግር የተበየደለት 8 ሚሊ ውፍረት ያለው ሰሌዳ በማጠፊያዎቹ ቦታ ይቀበር። የተለመደው አሠራር ግን ሌላ ነው፦ ያለቀውን ኮለን በመዶሻ ቀዶ የአንጎላሬ (L ቅርጽ ያለው ብረት) ቁራጭ መወተፍና በሲሚንቶ መድፈን፣ በማግስቱም በሩን መስቀል። አርማታ ሙሉ ጥንካሬው የሚገመተው በ28 ቀን ነው። በማግስቱ የተሰቀለ በር ከሥሩ ይላላል፤ ጫፉም ወደ መሬት ዘንበል ይልና መቀርቀሪያውና ቀዳዳው አይገናኙም። ያኔ ሠሪው መጥቶ ቀዳዳውን ያሰፋላችኋል። ጥገና ሳይሆን ማባበያ ነው።

ማጠፊያው ራሱ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ያለው ይሁን። በቱቦ ውስጥ የሚሽከረከር ድቡልቡል ብረት ርካሽ ነው፤ በአዳማ አቧራ ግን ግራሶው ወዲያው መፍጫ ይሆናል።

ብየዳው ላይ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው ነጥብ ነጥብ ብቻ ተመትቶ የቀረ መገጣጠሚያ ነው፤ ሌላው በስቱኮ (ከቀለም በፊት በሚለሰን መሙያ) የተሸፈነ ነው። ስቱኮን ለመያዝ የማቀዝቀዣ በር ላይ የሚለጠፈው ዓይነት ትንሽ ማግኔት ይበቃል። የተጣራ ብረት ላይ ጥብቅ ብሎ ይይዛል፤ ወደ መገጣጠሚያው ስታስጠጉት ልል ብሎ ከተንሸራተተ ከሥሩ ብየዳ ሳይሆን ስቱኮ ነው። በተለይ ቱቦላሬው በ45 ዲግሪ የተገጠመባቸውን ማዕዘኖች ፈትሹ። የብየዳው ቅርፊት ሳይራገፍ የተቀባ ቀለም ከቅርፊቱ ጋር አብሮ ይረግፋል።

ዝገት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከውስጥ ነው። ጫፉ ያልተደፈነ ቱቦላሬ ዝናብ ይጠጣል፤ ውሃው ታችኛው ብረት ውስጥ ይተኛና ከዓመታት በኋላ በሩ ከሥሩ ይበሳል። ላይኛው ጫፍ በብየዳ ይደፈን፣ ታችኛው ደግሞ 6 ሚሊ ማፍሰሻ ቀዳዳ ይኑረው። ቀለምን በተመለከተ «አንቲ ረስት (ዝገት መከላከያ) ተቀብቷል» ሲባል ስንት እጅ፣ በምን ላይ ብላችሁ ጠይቁ። ላሜራ ከፋብሪካ ሲመጣ ዘይት አለበት፤ በቲነር ካልተጠረገና በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ ማንኛውም ቀለም ይላጣል። ሁለት እጅ አንቲ ረስት፣ ሁለት እጅ ቀለም፣ ከመሃሉም የማድረቂያ ጊዜ ነው ትክክለኛው። ዛሬ ተበይዶ ነገ የሚሰቀል በር ይህን ሁሉ አላለፈም። «ጋልቫናይዝድ ነው» ተብሎ የብር ቀለም ብቻ የተረጨም አለ፤ በምስማር ጫሩት። ከሥሩ ጥቁር ወይም ቡናማ ብረት ከታየ ቀለም ነው። እውነተኛ ጋልቫናይዝድ ቢሆንም የተበየደበት ቦታ ዚንኩ ተቃጥሏልና በዚንክ ቀለም መሸፈን አለበት።

ተንሸራታች በር ለምትመርጡ አንድ ነገር ከሁሉም ይቀድማል፦ ማቆሚያው። 200 ኪሎ በር ከሐዲዱ ጫፍ አልፎ ወይም ከላይኛው መያዣ ወጥቶ ቢወድቅ ሰው ይገድላል፤ በተለይ ሕፃናት የሚገፉት በር ስለሆነ በዚህ ላይ መደራደር የለም። ሐዲዱ ግራና ቀኝ ጫፉ ላይ በአርማታ ውስጥ የተቀበረ ማቆሚያ፣ ከላይ ደግሞ ክንፉን ከሁለት ወገን የሚይዝ መያዣ ይኑር። ለ4 ሜትር በር በአንድ ወገን ቢያንስ 4.5 ሜትር ቀጥ ያለ ባዶ አጥር ያስፈልጋል፤ ይህን ሳይለካ ቀብድ የሚቀበል ሰው አለ። ሞተር ከተጨመረ መብራት ሲጠፋ በእጅ የሚለቅቅበት ቁልፍ እንዳለው በዓይናችሁ እዩ፤ ሰው ሲያልፍ የሚያቆመው ሴንሰርም አማራጭ ተደርጎ አይሸጥላችሁ።

ጌጡ ላይ አጭር ልበል። በሌዘር የተቆረጠ ላሜራ ያምራል፤ በ1 ሚሊ ሲቆረጥ ግን ቅጠሉ በእጅ ይታጠፋል፣ ጠርዙም ይዝጋል። ከ2 ሚሊ በታች አትቀበሉ። «እስቴንለስ» ለሚባለው ደግሞ ማግኔት አይዘውም ብላችሁ አትርኩ፤ ርካሹ ደረጃ 201ም ደህናው ደረጃ 304ም በአብዛኛው አይያዙም፤ 201 ግን ቶሎ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ደረጃው ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። በፍርግርግ አጥር ላይ በዘንጎቹ መሃል ከ10 ሳንቲም በላይ ክፍተት አይተዉ፤ የሕፃን ራስ ይገባል። የአጥሩ ቋሚዎች በየ2 ሜትሩ ይቁሙ፤ ሥራቸው ላይ ያለው ሲሚንቶ ውሃ እንዳያቁር ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ብሎ ይለሰን።

ገንዘቡ አከፋፈል ላይ ደግሞ፣ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶው ቫት ይቀርላችኋል» የሚለው ቅናሽ የሚቀርላችሁ ማስረጃ ነው። ቀብድ የሚለውንም ቃል በጥንቃቄ ጻፉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ ውል መደረጉን ያስረዳል፤ በቁጥር 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ የዋጋውን ግማሽ ቀብድ ብላችሁ አትስጡ። ቀብዱ ትንሽ ይሁን፤ ሁለተኛው ክፍያ በሩ ተበይዶ ሳይቀባ በካሊፐር ከተለካ በኋላ፣ ሦስተኛው ሲሰቀል ይሁን፤ 15 በመቶ ያህሉ ደግሞ አንድ ወር ይቆይ። ውሉ ላይ የላሜራው ውፍረት፣ የቱቦላሬው መጠንና ውፍረት፣ የማጠፊያው ዓይነትና ብዛት፣ የቀለሙ እጅ፣ ካሬው እንዴት እንደሚለካ ይስፈር። ይህን አልጽፍም የሚል ሠሪ ስንት ሚሊ እንደሚያስገባ ነግሯችኋል።

የተሰቀለ ዕለት ነፋስ በማይኖርበት ሰዓት ክንፉን እስከ ግማሽ ከፍታችሁ ልቀቁት። እዚያው ከቆመ ደህና ነው። ብቻውን ከተከፈተ ወይም ከተዘጋ ማጠፊያዎቹ ቱንቢ አልጠበቁም (ቀጥ ብለው አልተደረደሩም)፤ ሠሪው እዚያው እያለ አስተካክሉት፣ እስኪያስተካክልም ሦስተኛውን ክፍያ አትልቀቁ።