ለጅቡቲ ዳርቻ የወፍ ጉዞ የትኛው ባይኖኩላር? 8×42 ከ10×50 ጋር

በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ወርዶ የባሕር ወፍ ለማየት ያሰበ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «10×50 ልግዛ ወይስ 8×42?» (የፊተኛው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ የኋለኛው የፊቱን ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ይናገራል።) ጥያቄው የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ በድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ዕቃ በርካሽ ከታየ በኋላ ነው። መልሱ ይኸው፦ ናይትሮጅን ጋዝ የተሞላና ውኃና እርጥበት እንዳያስገባ የታሸገ 8×42 ግዙ። 10×50 ለሌላ ሥራ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ባሕርና ለዚህ ወር ግን አይሆንም።

ከዋጋው እንጀምር፤ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ለጀማሪ የሚሆን እውነተኛ 8×42 በውጭ ገበያ ከ130 እስከ 150 ዶላር ያወጣል፤ የኒኮን ፕሮስታፍ ፒ3 እና የሴለስትሮን ኔቸር ዲኤክስ በዚህ መሐል ናቸው። እንደ ኒኮን አኩሎን ያለ ያልታሸገ 10×50 ከዚያ ትንሽ ይረክሳል፤ ብዙዎችን የምታሳስተው ያቺ ልዩነት ናት። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር በ177.721 ሆኖ የቆመ ስለሆነ 140 ዶላር 24,880 ፍራንክ ገደማ ይሆናል፤ አምናም ዘንድሮም ያው ነው። ብር ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚተመን «እገሌ አምና በዚህን ያህል ገዛ» ብሎ መከራከር አያዋጣም። ነጋዴው በብር የጠራላችሁን በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ አካፍሉት። ውጤቱ ከ150 ዶላር በላይ ሃያ ሠላሳ ቢጨምር የማስመጫና የትርፍ ነው፤ ያስኬዳል። የታወቀ ስም ተለጥፎበት ሠላሳ ዶላር የማይሞላ ከሆነ ፎርጅድ ነው፤ አሥር ብር እንኳ አትጨምሩበት።

«ጅቡቲ ደርሼ እገዛለሁ» የሚል ሐሳብ ካላችሁ ተዉት። ባይኖኩላር ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ፈቃድ የሚጠየቅበት ዕቃ ነው፤ በቦሌ ከመንገደኛ እጅ የተያዘው ጥቂት አይደለም። እዚሁ በደረሰኝ ግዙ። ከመሄዳችሁ በፊት ጉምሩክ ቀርባችሁ ሲሪያል ቁጥሩ እንዲመዘገብ ጠይቁ፣ የተጻፈውን ወረቀት ከደረሰኙ ጋር ያዙ፤ በድንበሩ ከተማ በደወሌ ስትመለሱ ዕቃው አዲስ ያስገባችሁት አለመሆኑን የሚያስረዳላችሁ እሱ ነው።

አሁን ወደ ባሕሩ። በዚህ ወቅት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ወፎች አብዛኞቹ ሄደዋል። የምትወርዱት ለነዋሪዎቹ ነው። ከእነሱ አንዱ ሸርጣን የሚበላው፣ ጥቁርና ነጭ ላባ፣ ወፍራም ጥቁር መንቁርና ረጅም ግራጫ እግር ያለው፣ አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ምሶ አንዲት ነጭ እንቁላል የሚጥለው ወፍ (ክራብ ፕሎቨር) ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ጋል የሚባሉ፣ ራሳቸው ጥቁር የሆነ የዚህ ባሕር ወፎች ናቸው፤ ከሩቅ ይመሳሰላሉ። አንደኛው ቀይ፣ ጫፉ ጥቁር የሆነ መንቁር አለው፤ ከዓይኑ በላይም በታችም ነጭ ቅስት አለ። ሌላው መንቁሩ ወደ ቢጫ ያደላ፣ ጥቁር ቀለበት ያለበትና ጫፉ ቀይ ነው፤ ጎልቶ የሚታየው ነጭ ቅስትም ከዓይኑ በላይ ያለው ብቻ ነው።

በየገበያው የሚሸጠው ሌንሱ እንደ ቀይ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ባይኖኩላር የሚያበላሸው ይህንኑ ነው። ሻጩ «ለሌሊት ነው፣ ጨረር ይከላከላል» ይላል። ቀዩ ቅብ ግን ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ ስለሚመልሰው ለዓይናችሁ የሚደርሰው ምስል አረንጓዴ ሰማያዊ ይሆናል፤ ቀይ መንቁር ጠቁሮ ይታያል። ሁለቱ ጋሎች የሚለዩበት ምልክት ጠፋ ማለት ነው። ደኅና ቅብ ሐምራዊ ወይም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነጸብራቅ ይሰጣል፤ ነጭ ነጸብራቅ ካያችሁ መስተዋቱ ቅብ የለውም።

የ10×50 ወዳጆች «ትልቅ ነው፣ ብርሃን ይሰበስባል» ይላሉ። 50ን ለ10 ስታካፍሉ 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ 42ን ለ8 ስታካፍሉ 5.25። ለዓይን በሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት 10×50 አይበልጥም። «ሩቅ ያቀርባል» የሚለው እውነት ነው፤ ግን የእጅን መንቀጥቀጥም የአየሩንም መንቀጥቀጥ አብሮ ያቀርባል። በሰኔ የጅቡቲ ሙቀት 40 ዲግሪን ሊያልፍ ይችላል። ከረፋዱ 3 ሰዓት በኋላ ከጋለው አሸዋ የሚነሳው አየር ምስሉን እንደ ፈላ ውኃ ያላውሰዋል፤ ያኔ አሥር እጥፍ የሚያሳየው ትልቅ ብዥታ ነው። ወደ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች በጀልባ ስትሻገሩ ደግሞ በ10× አንድ ወፍ ላይ ዓይንን ማሳረፍ ጭንቅ ነው።

ርቀትን የምታሸንፉት በሰዓት ነው። ባሕሩ ሲጎድል ወፎቹ ጭቃው ላይ ተበትነው ይርቃሉ፤ ሲሞላ ውኃው ራሱ እየገፋ ወደ ዳር ያመጣቸዋል። ሙላቱ ጫፍ ከመድረሱ ሁለት ሰዓት ገደማ ቀድማችሁ ቦታ ያዙ። የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ስለሚዘገይ፣ ሙላቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ የሚውልባቸውን ቀናት አስቀድማችሁ መርጣችሁ የባቡር ትኬቱን በዚያ ልክ ቁረጡ። ይህን ያደረገ ሰው በ8× የሚያየውን፣ በእኩለ ቀን የሄደ በ20× አያየውም። ወደቡና የውጭ ጦር ሰፈሮቹ ወዳሉበት አቅጣጫ ግን ባይኖኩላር አታንሡ።

ክብደቱም አለ፦ አኩሎን 10×50 ወደ 900 ግራም፣ ፕሮስታፍ 8×42 ወደ 565 ግራም። በዚያ ሙቀት ሦስት መቶ ግራም ለአንገት ትልቅ ነገር ነው። የዓይን መነጽር የምታደርጉ ደግሞ በአኩሎኑ የምስሉን ዳር አታገኙትም።

ሱቅ ውስጥ ባይኖኩላሩን ይዛችሁ ወደ ደጅ ውጡ። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከዓይን አርቃችሁ ወደ ሰማይ ያዙትና በማያው በኩል የሚታዩትን ሁለት የብርሃን ክቦች ተመልከቱ። ክቡ ማዕዘን ከያዘና ዳሩ ከጠቆረ ፕሪዝሙ (ውስጥ ያለው ብርሃኑን የሚያጥፈው መስተዋት) ርካሽ ነው። በማስመሪያ ለኩት፤ 10×50 ተብሎ ክቡ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ የፊቱ መስተዋት ለይምሰል ነው፣ ውስጡ 30 ብቻ ይሠራል። ቀጥሎ የመብራት ሽቦ ወይም የቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ እያያችሁ ባይኖኩላሩን ቀስ ብላችሁ ከዓይን አሽሹ፤ መስመሩ በሁለቱ ክቦች ውስጥ እኩል ከፍታ ላይ ካልሆነ በርሜሎቹ (ሁለቱ ቱቦዎች) አይናበቡም። በዚህ ዕቃ ሁለት ሰዓት ያየ ሰው ራሱን ያመዋል። «ከ10 እስከ 180» የሚል ዙም ከቀረበላችሁ ሳትሞክሩት መልሱ።

ጥገናን በሚመለከት ለ10×50 የሚነገርለት አንድ እውነት አለ፦ በርሜሉ እንደ ደረጃ የታጠፈው ዓይነት ከጎማው ሥር ፕሪዝሙን የሚያንቀሳቅሱ ትንንሽ ብሎኖች ስላሉት ጥሩ የካሜራ ጠጋኝ በርሜሎቹን ሊያናብባቸው ይችላል። ቀጥ ያለው የታሸገ 8×42 እዚህ አይከፈትም፤ ከተከፈተ ናይትሮጅኑ ወጣ። ግን ያልታሸገው ውስጥ የባሕር እርጥበት ገብቶ ሻጋታ ከያዘው፣ ቅቡን አንዴ ከበላው ማንም ጠጋኝ አይመልሰውም። የታሸገውን ማታ ማታ በንጹሕ ውኃ በረጠበ ጨርቅ ጨውን ማንሳት ይበቃል። የድሬዳዋን አቧራ በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉ፤ መጀመሪያ በአየር ንፉ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ፣ መጨረሻ በሌንስ ጨርቅ። ኤሲ ካለበት ክፍል ስታወጡት ከቦርሳው ሳይወጣ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ወዲያው ከተገለጠ ጤዛ ይለብሳል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም አይዋል፤ ጎማው ይላቀቃል፣ የፎከሱ ግራሶም ቀልጦ ይፈስሳል።

ገንዘቡ ለአዲስ ካልሞላ፣ ፎርጅድ 10×50 ከምትገዙ ያገለገለ የሶቪየት ወይም የምሥራቅ ጀርመን 8×30 ፈልጉ። ምስሉ ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላል እንጂ መስተዋቱ የታመነ ነው፤ ይጠገናልም። ሌንሱን ከፊት በእጅ ባትሪ አብርታችሁ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ከሌለው ያዙት። ውስጡ የርቀት መለኪያ መስመር የተሳለበትን ግን ተዉት፤ የወታደር ዕቃ ስለሆነ በኬላ ላይ ወፍ ለማየት ነው ብላችሁ የሚያምናችሁ አታገኙም።