ማቆም የማያውቀው ፖምፓ፦ ቮልሷ ኤሌክትሪክ ካስገባች ስምንት ወር

ባለፈው ቅዳሜ የዘይት መለኪያዋን መዘዝኩና አሸተትኩት። ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ጠረግኩት፤ መልሼ ከትቼ መዘዝኩት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ቆሟል። ዘይት የጨመርኩት መጋቢት ላይ ነው። ቮልስ ዘይት ስትጠጣ አውቃለሁ፤ ዘይት ስትወልድ ግን አይቼ አላውቅም።

መኪናዋ በፈረንጅ የ1968 ሞዴል ናት፤ 1300፣ ከአባቴ የወረስኳት። መስከረም ላይ የራሷን የቤንዚን ፖምፓ አውጥቼ ኤሌክትሪክ አስገባሁላት። ጥፋቱ የዓባይ በረሃ ነው። ለእንቁጣጣሽ ወደ ጎጃም ስንሄድ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወረድን፤ ድልድዩን ተሻገርን። ወደ ደጀን ዳገቱን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ስንንፏቀቅ መሃል ላይ ጸጥ አለች። ካንዴላው ደህና፣ ባትሪው ደህና። ቤንዚኑ ግን ካርቡራቶሩ ጋ፣ ከአየር የሚቀላቀልበት ቦታ፣ ሳይደርስ መንገድ ላይ ተንኗል። የቮልስ ታንከር ፊት ነው፤ ፖምፓው ኋላ፣ የጋለው ሞተር ላይ። ያን ሁሉ ርቀት ይስባል፤ ከቤንዚኑ ይልቅ እንፋሎት ከደረሰው ባዶ ያኝካል። ፎጣ በሃይላንድ ውሃ አርሰን ጠቀለልንበት። እስኪበርድ አርባ ደቂቃ ዝንጀሮ ቆጠርን። ልጄ አሥራ ሰባተኛው ዝንጀሮ ላይ ደርሳ ነበር።

«ይሄ ለሁሉም መኪና ይሆናል» አለኝ ሻጩ፣ መርካቶ። እስካሁን ሻወር ቤት ስገባ ከዚህ ሰውዬ ጋር እከራከራለሁ። ወንድሜ፣ ለሁሉም እግር የሚሆን ጫማ ሸጠህ ታውቃለህ? ካርቶኑ ላይ ግፊቱ ከ5 እስከ 7 ፒኤስአይ ይላል። የኔዋ 3 ወይም 3 ተኩል ይበቃታል። ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችው ትንሽዬ መርፌ ናት ቤንዚኑ ሲሞላ የምትዘጋው። በ3 ትችላለች፤ በ6 ትሸነፋለች። ስትሸነፍ ቤንዚኑ ሞልቶ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል፤ በፋሻው፣ ፒስተኑን በከበበው ቀለበት፣ ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። «ሞተሩ አርጅቶ ነው» እንደምትለኝ አውቃለሁ። አርጅቷል። ያንተ ፖምፓ ሳይገባ ግን ዘይቱ ቤንዚን ሸቶ አያውቅም።

ታዲያ ሰባት ወር ምን ይዟት ነበር? ይሄን ሳስብ ነው ራሴን የታዘብኩት። ባለፈው ሳምንት ነዳጅ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሜያለሁ። ሞተሩን አጥፍቻለሁ፤ ኳስ ለመስማት ግን ቁልፉን ከፍቼዋለሁ። ሬዲዮው ያለ ቁልፍ አይሠራም። ፖምፓው ከበስተኋላ ጠክ ጠክ ጠክ ይላል። እንዲህ ዓይነቱ ፖምፓ ቤንዚኑ መሄጃ ሲያጣ ጠክታው ይዘገያል፤ በስንት ጊዜ አንዴ ይሆናል። የኔው አልዘገየም። እኔ ደግሞ ጥንካሬ መስሎኝ ነበር! ለካ ቤንዚን ለመቅዳት ተሰልፌ ያለችኝን ወደ ዘይቱ እየደፋሁ ነው።

የድሮው ፖምፓ እንዲህ አያደርግም። ስፒንትሮጂኑን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) የሚያዞረው ዘንግ ላይ ጉጥ አለ፤ ጉጡ አንዲት አጭር ብትር ይገፋል፤ ብትሯ የፖምፓውን ላስቲክ ታንቀሳቅሳለች። አለቀ። ሞተር ቆመ፣ ፖምፓ ቆመ። አዲሱ ግን ቁልፍ እስካለ ድረስ ሥራ አለኝ ባይ ነው። ብትጋጭ ይገፋል። ቱቦው ቢወልቅ፣ ሞተሩ ላይ እሳት ቢነሳ እንኳ ይገፋል። ይሄን ሳስብ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፤ የቮልስ ሞተር ክፍል ውስጥ የድሮ ጎማ ቱቦ ምን እንደሚመስል ያየ ይረዳኛል።

መጀመሪያ የገጠመልኝ መካኒክ ደግሞ እዚያው ኋላ፣ ሙቀቱ ላይ አስሮት ነበር። ኤሌክትሪክ ፖምፓ መግፋት እንጂ መሳብ አይሆንለትም። በሳምንቱ አስፈትቼ ፊት፣ ከታንከሩ ዝቅ ብሎ አስቀመጥኩት፤ ማጣሪያውም ከፊቱ ገባ። የድሮው የነበረበትን ቀዳዳ በላሜራ ስንደፍን ብትሯን ማውጣት ረስተን በዘይት ታጠብን። እሱን እንተወው።

አሁን 3 ላይ የታሰረ የግፊት መቀነሻ አለው። ፊውዝና ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ገብቶለታል። የዘይት ግፊት ከሌለ መብራት እንዳያገኝም አደረግን፤ ማለትም ሞተር ሲቆም እሱም ይቆማል። ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት እንዳለ ቀየርኩ። እነዚህን ሁሉ ስደምር ከፖምፓው ዋጋ በለጡ። ሻጩ ይሄንን ካርቶኑ ላይ አልጻፈውም።

ሪሌው ሲገባ ግን የምወደው ነገር ቀረ። ሁለት ሳምንት ቆማ እንኳ ቁልፍ ስከፍት ፖምፓው ካርቡራቶሩን ይሞላና በአንድ ጊዜ ትነሳ ነበር። ያ ስለናፈቀኝ ዳሽቦርዱ ሥር የበር ደወል የመሰለች መጫኛ አስገባሁ። አሥር ሰከንድ እጫናለሁ፣ ጠክታው ሲዘገይ እለቃለሁ፣ አስነሳለሁ። ልጄ ካልጫንኩ ብላ ታለቅሳለች። ጎረቤቴ፣ ቻርጅ የምትደረግ መኪና የገዛው፣ «አንተስ መቼ ነው ወደ ኤሌክትሪክ የምትገባው?» ሲለኝ ይችን መጫኛ አሳየዋለሁ።

ልንገራችሁ እንጂ ለፋሲካ ዓባይ በረሃን ሳንቆም ወጣናት። አንዴም አልተንገጫገጨች። ደጀን ላይ ቡና ጠጥተን ሳለ ሻጩን ይቅር ብዬው ነበር፤ ቅዳሜ ዘይቱን እስካሸት ድረስ።

የድሮው ፖምፓ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከኋላ ወንበር ሥር ተቀምጧል፣ ብትሯም አብራው አለች። አዲስ ላስቲክ ገዝቼለታለሁ። ሁለት ሰው ሽጥልን ብሎኝ እምቢ ብያለሁ።