ጆሮ ለሚወጋ ማዳመጫ መላ፦ የኢኳላይዘር ኤፒኦ ግምገማ

ጀርባቸው ክፍት የሆነ የጆሮ ማዳመጫዎች የሚወደዱት ድምፁ በጆሮ ዙሪያ ታፍኖ ስለማይቀርና ድምፃዊውም መሣሪያዎቹም በየቦታቸው ተለያይተው ስለሚሰሙ ነው። ከእነዚህ መካከል ለስቱዲዮ ሥራ የተሠሩት ብዙዎቹ ግን ቀጭኑን ድምፅ፣ ማለትም ትሬብሉን፣ ከልክ በላይ ያጎላሉ። ይህ ጠባይ በቀረጻ ውስጥ የተደበቀ ጉድለት ለሚያድን ባለሙያ ይጠቅመዋል፤ ማታ ተቀምጦ ሙዚቃ መስማት ለሚፈልግ ሰው ግን ብዙ ሳይቆይ ማዳመጫውን ያስወልቀዋል። በቅርቡ የገዛሁት ባለ250 ኦም ማዳመጫም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ከዚሁ ወገን ነው። ጠባዩ የብዙዎች ስለሆነ የሠሪውን ስም አላነሣም፤ እዚህ የምገመግመው መድኃኒቱን፣ ኢኳላይዘር ኤፒኦ የተባለውንና በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ነፃ የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው።

ሕመሙ የት ላይ እንዳለ ለማወቅ የአማርኛ ዘፈን ጥሩ መፈተኛ ነው። ድምፃዊቷ «ጸጸት» ወይም «ስስት» ስትል ቃሉ ካለፈ በኋላ ፉጨቱ ብቻውን ጆሮ ውስጥ ይቀራል፤ ከካሴት በተገለበጡ የቆዩ ዘፈኖች ላይ ደግሞ የካሴቱ «ሽ» የሚል ድምፅ ክራሩን ቀድሞ ይሰማል። የ«ሰ» ፉጨት ጉልበት በአብዛኛው ከ5 ሺህ እስከ 9 ሺህ ኸርዝ (በሰከንድ የሚቆጠር የንዝረት ብዛት) ባለው ክልል ይከማቻል፤ እንዲህ ያሉ ማዳመጫዎችም ብዙ ጊዜ ጉብታቸው፣ ማለትም ድምፁን ከልክ በላይ የሚያጎሉበት ቦታ፣ የሚወጣው እዚያው አካባቢ፣ በተለይ 8 ሺህ ኸርዝ ገደማ ነው።

ስለዚህ በተለመደው የትሬብል መቀነሻ መጠቀም ከበሽታው ጋር ጤናውንም ይወስዳል። ፉጨቱ ይለዝባል፤ ነገር ግን የማሲንቆው ጭራ ሲፋተግ የሚያሰማው ሻካራነትና የዋሽንቱ ትንፋሽም አብረው ይደበዝዛሉ። የኢኳላይዘር ኤፒኦ ዋና ብልጫ የተወሰነች ጠባብ ቦታን ብቻ መርጦ ዝቅ ማድረግ መቻሉ ነው። ሲጫን የሚሠራበትን የድምፅ መውጫ እንድንመርጥ ይጠይቃል፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከተነሣ በኋላ በማስተካከያው መስኮት ፒክ የሚባለውን ማጣሪያ ጨምረን ሦስት ቁጥሮች እንሞላለን፦ ቦታው፣ የሚቀነሰው መጠንና ኪው የሚባለው የጥበቱ ልክ። እኔ በ8 ሺህ ኸርዝ ላይ 5 ዴሲቤል ቀንሼ ኪውን 3 አደረግሁት። ለውጡ ዘፈኑ ሳይቋረጥ ስለሚሰማ ማጣሪያውን እያጠፉና እያበሩ ማነጻጸር ይቻላል። እስከ 8 ዴሲቤል ድረስ ስቀንስ «ሰ» የምትለው ድምፃዊት እንደ ኮልታፋ መሰለችኝ፤ በ5 ላይ ግን ፉጨቱ ከቃሉ ጋር ተመልሶ ይዋሐዳል፣ ማሲንቆውም ሻካራነቱን አያጣም።

ትክክለኛውን ቦታ ለማግኘት ከ5 ሺህ ወደ 10 ሺህ ኸርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ አንድ ወጥ ድምፅ በዝቅተኛ መጠን ማዳመጥና የሚወጋበትን ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል። ሆኖም የተሰማውን ጉብታ ሁሉ መደልደል ስሕተት ነው፤ የጆሯችን ቀዳዳ ራሱ አንዳንድ ድምፆችን ያጎላል፣ ያንንም ዕድሜ ልካችንን ለምደነዋል። የ8 ሺህ ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ ከ4 ሴንቲሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ማዳመጫውን በትንሹ ማንሸራተት እንኳ ውጤቱን ይለውጠዋል። አውቶኢኪው በሚባለው ነፃ ስብስብ ውስጥ ለየማዳመጫው ተዘጋጅተው የተቀመጡት ቁጥሮችም ለመነሻ እንጂ ለመደምደሚያ አይሆኑም።

ሌሎቹ መላዎች ከዚህ ያነሰ ይጠቅማሉ። በ1980ዎቹ የቀረጻ ባለሙያዎች የያማሃ ኤንኤስ-10 ድምፅ ማጉያን ትዊተር፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል፣ በሶፍት ወረቀት ይሸፍኑ ነበር፤ በማዳመጫ ውስጥ ስስ ስፖንጅ ማኖርም ይሠራል፣ ግን የሚያለዝበውን መጠን መቆጣጠር ያስቸግራል። «ሲሠራበት ይለዝባል» የሚለውን የሻጮች ማጽናኛ አልቀበልም፤ በአብዛኛው የሚለምደው ጆሮ ነው።

ፕሮግራሙ ጉድለት አለው። በስልክና በማክ ላይ አይሠራም፤ የድምፅ መውጫውን ለብቻቸው በሚይዙ ወይም በአሲዮ (የዊንዶውስን የተለመደ የድምፅ መንገድ በሚያልፍ የስቱዲዮ ሥራ መስመር) በኩል በሚያጫውቱ ፕሮግራሞች ላይም ለውጥ አያመጣም። የድምፅ ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩን ከድምፅ መውጫው ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ሲታደስ ግንኙነቱ ሊቋረጥና እንደገና መምረጥ ሊያስፈልግ ይችላል። መስኮቱም ለጀማሪ ደረቅ ነው፤ ፒስ የሚባለው ተጨማሪ ነፃ ፕሮግራም ይህን ያቃልላል። ከሁሉ በላይ የውጭ ጫጫታን አይፈውስም፦ ጀርባው ክፍት ማዳመጫ የጎረቤትን ጄኔሬተር ያስገባል፣ የጄኔሬተሩ ጉርምርምታ ቤዙን ይውጠዋል፣ እኛም ድምፅ ስንጨምር የሚወጋው ትሬብሉ ነው። ያኔ የሚያዋጣው መስኮት መዝጋት ነው።

ገና ለመግዛት የሚያስብ ሰው በሱቅ ውስጥ በስልክ ብቻ ሞክሮ አይወስን። ስልክ ባለ250 ኦም ማዳመጫን በቂ ድምፅ ስለማይሰጠው ኃይለኛው ትሬብል ለስላሳ መስሎ ያልፋል፤ ባለሱቁን አምፕ (ለማዳመጫው ኃይል የሚጨምር ማጉያ) አስመጥቶ፣ ቤት በሚሰማበት መጠን፣ ደህና አድርጎ የሚያውቀውን የሴት ድምፃዊ ዘፈን ያጫውት።