የሞተሬን መርገጫ ዝቅ ካደረግኩ አስር ወር ሆነ

ጉልበቴን ባያመኝ ኖሮ ይህን ሁሉ አልነካካም ነበር። ሥራዬ እሸት ቡና መሰብሰብ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከጅማ አጋሮ፣ ከአጋሮ ደግሞ ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ በሞተር እመላለሳለሁ። ጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አስፋልት ስለሆነ እሱ ብዙም አይከብድም። ሰው የሚያደክመው ከአስፋልቱ ሲወጣ ያለው ኮረኮንችና ቀይ አፈር ነው።

ሞተሬ የህንድ ስሪት ነው፣ 150 ሲሲ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ86 ነው። የፋብሪካው መርገጫ ላይ እግሬን ሳሳርፍ ጉልበቴ በጣም ይታጠፋል። ሁለት ሰዓት ነድቼ ስወርድ ቀኝ ጉልበቴ እስኪዘረጋ ድረስ መሪውን ይዤ ትንሽ መቆም ነበረብኝ። ገበሬዎቹ "ምነው፣ ወደቅክ እንዴ?" ይሉኝ ነበር።

መስከረም መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ስሄድ መርካቶ ጎራ ብዬ ሰፊ የብረት መርገጫ ገዛሁ። ጥንዱ 2,800 ብር። ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፣ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ አለው። የድሮው ጎማ የለበሰ ቀጭን ብረት ነበር፤ ጭቃ ከነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጅማ ስመለስ አንድ ብየዳ ቤት መርገጫውን 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ የሚያደርግ ማያያዣ አሠራሁ፣ 1,200 ብር።

አሁን ሐምሌ ነው፤ ወደ 9,000 ኪሎ ሜትር ሄጄበታለሁ። የገዛሁትን ዕቃ እወደዋለሁ። ግን አንድ ነገር ከሁሉ በፊት ልንገራችሁ፦ ለእጄ፣ ለእግሬና ለወገቤ ከ4,000 ብሩ የበለጠ ያደረገልኝ በ10 ቁጥር ቁልፍ በነጻ ያስተካከልኩት ነው። ቅደም ተከተሉን አገላብጬ ስለጀመርኩ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በከንቱ ተሠቃየሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። መርገጫው ወረደ። የማርሽና የፍሬን ፔዳሎቹ ግን በድሮው ቦታቸው ቀሩ። ስለዚህ ማርሽ ለመለወጥ በፈለግኩ ቁጥር እግሬን ሙሉ በሙሉ ከመርገጫው አንስቼ ከላይ መርገጥ ነበረብኝ። ፍሬኑም እንደዚያው፤ ጣቴን ወደ ላይ ቀስሬ ነው የምነዳው። ጉልበቴ ቀለል አለው፣ አሁን ደግሞ የባቴ ፊት ለፊት ያለው ጡንቻ ማቃጠል ጀመረ። መርገጫና ፔዳል አብረው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን ነክቶ ሌላውን መተው አይቻልም።

የማርሹ ፔዳል ቀላል ነው። ፔዳሉ የተሰካበት ዘንግ ዙሪያውን ጥቃቅን ጥርስ አለው። ቡሎኑን በ10 ቁልፍ ትፈታለህ፣ ፔዳሉን ስበህ ታወጣለህ፣ አንድ ጥርስ አዙረህ መልሰህ ትሰካለህ። ማላላት ብቻ አይበቃም፣ ቡሎኑ ጨርሶ መውጣት አለበት፤ ምክንያቱም በዘንጉ ላይ ባለው ቦይ ውስጥ ስለሚያልፍ ፔዳሉን ይዞ ያስቀረዋል። በመዶሻ መምታት የሚጀምሩት ይህን የማያውቁ ናቸው፣ እባካችሁ አትምቱ፣ ዘንጉ በቀጥታ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ውስጥ ነው የሚገባው። ከመንቀልህ በፊት የድሮውን ቦታ በቀለም ወይም በጭረት ምልክት አድርግበት። አንድ ጥርስ ትንሽ ይመስላል፣ ጫፉ ላይ ግን ከሴንቲ ሜትር በላይ ለውጥ ያመጣል። የኔ ፔዳል ከፊትም ከኋላም የሚረገጥ ዓይነት ስለነበር ፊቱ ሲወርድ የተረከዙ በኩል ከፍ ብሎ እግሬን መግፋት ጀመረ። በመጨረሻ ከመለዋወጫ ሱቅ ከፊት ብቻ የሚረገጠውን ገዝቼ ቀየርኩት።

የኋላ ፍሬኑ ላይ ግን ጥፋት አጠፋሁ። ይህን ሰው ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል። የፍሬኑን ፔዳል ከፍታ የሚወስን አንድ ቡሎን ከዳዶ ጋር አለ። ዳዶውን አላልቼ ቡሎኑን አዞርኩና ፔዳሉን ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር አወረድኩት። ተመቸኝ። በማግስቱ ወደ አጋሮ ወጣሁ። ሞተሩ ከበደኝ፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ እንኳን አልሳብ አለ። ነፋሱ ነው ብዬ ነዳሁ። ከመንገዱ አጋማሽ አልፌ ስቆም ከኋላ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ፤ እጄን ሸራው ወዳለበት ታምቡር ሳስጠጋ ሙቀቱ ከሩቁ ይጋረፋል። ነገሩ ግልጽ ነው። ፔዳሉ ወደ ታች ሲወርድ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ዘንግ ይስባል። በሌላ አነጋገር እስከዚያ ድረስ ፍሬን ይዤ ነበር የምነዳው። ፔዳሉን ካወረድክ ከኋላ ጎማው ጋ ያለውን ማስተካከያ ዳዶ መልሰህ ማላላት አለብህ። ፔዳሉ ፍሬን መያዝ ከመጀመሩ በፊት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር በባዶ መውረድ አለበት። ከዚያ ሞተሩን በመሐል ማቆሚያው አቁመህ የኋላውን ጎማ በእጅህ አሽከርክር፤ በነጻነት መዞር አለበት። የፍሬን መብራቱንም አትርሳ። የኔ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይበራ ነበር፣ ከኋላዬ የሚመጣ የባጃጅ ሾፌር ነው የነገረኝ። ማብሪያውን የያዘውን ዳዶ አዙረህ ወደ ታች ዝቅ ስታደርገው ይስተካከላል።

ወደ እጅ ልምጣ፣ እዚህ አንድ ሳንቲም አላወጣሁም። የፍሪሲዮኑና የእጅ ፍሬኑ እጀታዎች ወደ ላይ ተገትረው ነበር የቆሙት። አንጓዬ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ታጥፎ ይውላል፤ ማታ ማታ አውራ ጣቴ ሥር ይደነዝዘኝ ነበር። ሞተሩ ላይ እንደ ልማድህ ተቀመጥ፣ ዓይንህን ጨፍን፣ ክንድህን ቀጥ አድርገህ ጣቶችህን ዘርጋ። እጀታው ጣቶችህ በሄዱበት መስመር ላይ መገኘት አለበት። ሁለቱን ማሰሪያ ቡሎኖች አላልቼ እጀታዎቹን ትንሽ ወደ ታች አዞርኳቸው። ማሰሪያዎቹን በጣም አላጠበቅኳቸውም፤ ሞተሩ ቢወድቅ እጀታው ይዞራል እንጂ አይሰበርም። መሪውንም ትንሽ ወደ ራሴ አዞርኩት። ይህን ስታደርግ መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙረህ ሞተሩ ራሱ ነዳጅ እንደማይወስድ አረጋግጥ፤ የነዳጁ ካቦ (ገመዱ) ከተወጠረ መታጠፊያ ላይ ሳታስበው ያስፈነጥርሃል። የፍሪሲዮኑ እጀታ ጫፍ ላይ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ባዶ እንቅስቃሴ ተውኩለት። ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፣ ድንዛዜው በሳምንቱ ጠፋ።

ወደ ማያያዣው ልመለስ። የመጀመሪያው ሦስት ወር ቆየ። ታኅሣሥ ላይ የግራው በብየዳው ጠርዝ በኩል መሰንጠቁን ሞተሩን ሳጥብ አየሁት። ቆሜ እየነዳሁ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ሁለተኛውን ሌላ ቦታ አሠራሁ። ባለሙያው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ የተሰነጠቀውን አገላብጠው አዩና "ልጄ፣ ይሄ ላሜራ ነው እኮ። ሰው የሚቆምበት ነገር እንዲህ አይሠራም" አሉኝ። በ8 ሚሊ ሜትር ብረት ሠሩት፣ ማዕዘኑ ላይ ሦስት ማዕዘን ድጋፍ ጨመሩበት፣ ቡሎኖቹንም ራሳቸው ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ባላቸው ቀየሩልኝ። 1,800 ብር ከፈልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም። ቢሆንም በየሁለት ሳምንቱ በቁልፍ እነካካዋለሁ፣ ኮረኮንች ዳዶ ይፈታል።

መርገጫው ወደ ላይ መታጠፍ መቻሉ ላይ ማንም እንዳይደራደር። አንድ ብየዳ ቤት "በይዤ ላድርቀው፣ አይወዛወዝብህም" ብሎኝ ነበር። እንኳን እምቢ አልኩ። ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ሲጀምር መኪና በቀደደው የጭቃ ቦይ ውስጥ ገብቼ የግራው መርገጫ ዳሩን መታ። ታጠፈና አለፈ። ባይታጠፍ ኖሮ ሞተሩን ገልብጦ ይጥለኝ ነበር። ዝቅ ያለ መርገጫ መሬት ቶሎ ይነካል፤ ያተረፍኩት 3 ሴንቲ ሜትር ከመሬት ካለው ርቀት ላይ የተወሰደ ነው። አስፋልት ላይ ጥምዝ ስገባ እንደ በፊቱ አልጋደምም። የሚታጠፍበትን ስፒል በግራሶ ቀባው፣ ስፒሉ እንዳይወጣ የሚይዘውን ኮፒሊያም በየጊዜው እየው። ግራሶ ካጣ በጭቃና በዝገት ደርቆ አልታጠፍ ይላል።

ሌሎች ያልጠበቅኳቸውም ነበሩ። መርገጫው ሰፊ ስለሆነ በእግር የሚመታው ማስነሻ ሲወርድ ይነካዋል፤ የቀኙን ሳላጥፍ ማስነሳት አልችልም። ቆሜ እግሬን መሬት ሳደርግ ጥርሱ ባቴን ይቧጭረኛል። አስፋልት ላይ በ70 ስነዳ ንዝረቱ ከድሮው ጎማ ይልቅ ወደ እግር ይመጣል፣ ቀጭን ሶል ያለው ጫማ ካደረግክ ይሰማሃል። ነጠላ ጫማማ አይታሰብም። 1 ሜትር ከ65 የሆነ የሥራ ባልደረባዬ አንድ ቀን ነድቶት ምንም አልወደደውም፤ እግሩ ተንጠልጥሎ ቀረ። እንደሱ ላለ ሰው የፋብሪካው ከፍታ ይበቃል፣ ሰፊውን መርገጫ ብቻ በድሮው ቦታ ቢያስር ይሻለዋል።

የጅማ ክረምት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከግንቦት ጀምሮ ወደ ገጠር የምወጣው በዝናብ ቦቲ ነው። ቦቲው ከፊት ወፍራም ነው፤ በበጋ ያስተካከልኩት የማርሽ ፔዳል ሥር አይገባም። ሁለተኛ ማርሽ ለማስገባት እየታገልኩ አንዴ ዳገት መሐል ላይ ሞተሩ ጠፍቶብኝ ወደ ኋላ ተንሸራትቻለሁ። ስለዚህ አሁን ልማድ አደረግኩት፦ ዝናቡ ሲገባ ፔዳሉን አንድ ጥርስ ወደ ላይ፣ መስቀል አልፎ መሬቱ ሲደርቅ አንድ ጥርስ ወደ ታች። ሁለቱንም ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የብረቱ ጥርስ ዋጋው የሚታየውም በዚህ ወቅት ነው። ጭቃው በመሐሉ ይወርዳል፣ ቦቲዬ አይንሸራተትም፣ ቆሜ ስነዳም እተማመንበታለሁ።

ለሚገዛ ሰው ምክሬ፣ በመጀመሪያ ቁልፍ ያዝና ፔዳሎቹንና እጀታዎቹን ለራስህ አስተካክል። በዚያው አንድ ወር ንዳ። ጉልበትህ አሁንም ካመመህ ያኔ ወደ ብየዳ ቤት ሂድ፣ ከሄድክም ወፍራም ብረት አሠራ። መርገጫውን ራሱን ድጋሚ እገዛዋለሁ፣ ላሜራውን ማያያዣ ግን በነጻ ቢሰጡኝም አልወስድም።

ባለፈው ሳምንት ከሊሙ ገነት ስመለስ ዝናብ ያዘኝ፣ ግማሹን መንገድ ቆሜ ነው የነዳሁት። ማታ ጅማ ስገባ ሞተሩን ግቢ ውስጥ አቆምኩና መሪውን ለቅቄ ቀጥ ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ናት "ዛሬስ አላነከስክም" ያለችኝ።