ኪልት፦ መከራየት፣ ከቱሪስት ሱቅ መግዛት ወይስ ያገለገለ ሱፍ መፈለግ?

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ደወለልኝ። ሚዜ ሊሆን ነው፤ ሙሽራዋ የስኮትላንድ ልጅ ናት፤ በጥሪ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ወንዶች ኪልት፣ የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱትን ባለ ሽንሽን ጉርድ፣ እንዲለብሱ ተጽፏል። «አንተ ታውቃለህ፤ ልግዛ ወይስ ልከራይ?» አለኝ። በዚህ ዓመት ይህን የጠየቀኝ አራተኛው ሰው ነው። ግላስጎው ውስጥ ያለን ሐበሾች ብዙ አይደለንም፤ ስለዚህ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ኪልት ለብሶ ፎቶ ከተነሣ ዕድሜውን ሙሉ የኪልት አማካሪ ሆኖ ይቀራል። አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

አስቀድሜ ጥፋቴን ልናዘዝ። የመጀመሪያውን ኪልቴን የገዛሁት ኤድንብራ ነው፤ ከአምባው ቁልቁል በሚወርደው በሮያል ማይል ጎዳና፣ በሩ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የባግፓይፕ ሙዚቃ ከሚያስጮህ የቱሪስት ሱቅ። ዋጋው 35 ፓውንድ ነበር። አጠገቡ የተሰቀለው የሱፍ ኪልት 480 ይላል። ለአንድ ጉርድ አሥራ አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ዋጋ! በልቤ እየሳቅሁ የ35ቱን ይዤ ወጣሁ፤ ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

የሌላ ጓደኛዬ ሠርግ ላይ እስክስታው ምንም አላደረገኝም፤ እስክስታ የሚፈልገው ትከሻ ነው። ጉዱ የመጣው የእነሱ ጭፈራ፣ ኬሊ የሚሉት፣ ሲጀመር ነው። እጅ ለእጅ ተያይዞ በኃይል መሽከርከር ያለበት ጭፈራ ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ ወገቤ አካባቢ እንደ ልጆች ጫማ ማሰሪያ ጭርር የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ተለጣፊው ተላቀቀ። የእኔ ኪልት የቆዳ ማሰሪያና ዘለበት የለውም፤ የተያዘው በተለጣፊ ብቻ ነበር። ከውርደት ያዳነኝ ስፖራን የሚባለው፣ ከፊት የሚንጠለጠለው የቆዳ ቦርሳ ነው፤ ሰንሰለቱ ወገቤን ዞሮ ጨርቁን ያዘልኝ። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ አንድ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆምሁ፤ ፎቶው ላይ የተቆጣ ሰው እመስላለሁ።

የርካሹ ችግር በተለጣፊው አያበቃም። ጨርቁ አክሪሊክ የሚሉት ሰው ሠራሽ ክር ነው። ከኋላ ያለው ሽንሽን በክር ተሰፍቶ አልተያዘም፤ በካውያ ብቻ ነው የተተኮሰው፤ አንድ የስኮትላንድ ዝናብ ሲመታው እንደ መጋረጃ ይዘረጋል። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ የታተመ ነው። ሽሮ ሜዳ ገበያ የወጣ ሰው ይህን ማታለያ ያውቀዋል፦ ጥለቱ ያልተሸመነ፣ ከላይ የታተመበት ቀሚስ ከሩቅ ያምራል፤ ገልብጠው ሲያዩት ግን ጀርባው ባዶ ነው። እውነተኛ ታርታን፣ ኪልት የሚሠራበት ባለ መስቀለኛ መስመር ጨርቅ፣ ቀለሙ በድሩም በማጉም ውስጥ ስላለ ፊቱና ጀርባው አንድ ነው። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ገልብጡት፤ ሻጩ ቅር ቢለው ይበለው።

ኪራይን አልንቅም። ለአንድ ሠርግ ብቻ ከሆነ ትክክለኛው መልስ እሱ ነው። ሁለተኛው ሠርግ ላይ የተከራየሁት ሙሉ ልብስ፣ ኪልቱ፣ ኮቱ፣ ሰደርያው፣ ስፖራኑ፣ ካልሲውና ጫማው ጭምር፣ 90 ፓውንድ ወሰደብኝ። የሚያናድደው ትንንሹ ጽሑፍ ነው፦ ሰኞ ሳይመለስ ማክሰኞ ከተመለሰ ተጨማሪ ክፍያ፣ ነጠብጣብ ከተገኘበት ተጨማሪ ክፍያ። ውስጡ ምን ይለበሳል የሚለውን የዘወትር ቀልድ በተመለከተ፣ የተከራየ ሰው የውስጥ ሱሪ ይልበስ፤ ከእሱ በፊት ማን እንደለበሰው አያውቅምና።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። ያገለገለ የሱፍ ኪልት 120፣ ኮት 60፣ ስፖራን 35፣ ጫማ 30፣ ካልሲና ማሰሪያ 20፤ በጠቅላላው 265 ፓውንድ። ሦስት ጊዜ መከራየት 270 ነው። ማለትም ሦስተኛው የሠርግ ጥሪ እንደመጣ ኪራይ ኪሳራ ይሆናል። የእኔ ምርጫ ያገለገለ ሱፍ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጽፈውም በአብዛኛው ለእሱ ማድላት መሆኑን አልደብቅም። በልክ አሠርቶ አዲስ መግዛት ከ400 እስከ 700 ፓውንድ ያስወጣል፤ ሳምንታትም ያስጠብቃል። ገንዘቡ ላለው መልካም ነው፤ እኔ የለኝም፤ ስለዚህ አልፈዋለሁ።

ኪልት ልብስ ብቻ ሳይሆን ብዙ ጨርቅ ነው። ሙሉው የሚሠራው ከስምንት ያርድ ጨርቅ፣ ማለትም ከሰባት ሜትር ከሠላሳ ገደማ ነው። የጨርቁ ውፍረት የሚነገረው አንዱ ያርድ በሚመዝነው አውንስ ነው። በእኛ አነጋገር 16 አውንሱ ቡልኮ፣ 13ቱ ጋቢ፣ 10ሩ ነጠላ ነው። ነጠላውን አትግዙ። በክላይድ ወንዝ ድልድይ ላይ ነፋስ ሲያገኛችሁ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባችኋል። የ16 አውንሱ ኪልት ወደ ሁለት ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ ሲራመዱ ከኋላ ይወዛወዛል እንጂ አይነሣም። አምስት ያርድ የሚሉትም አለ፤ ይቀልላል፤ ለዘወትር ይበቃል፤ ለሠርግ ግን ሽንሽኑ ሳሳ ብሎ ይታያል።

አከራዮች ያረጀባቸውን ዕቃ በየጊዜው ይሸጣሉ፤ በጎ አድራጎት ሱቆችም አሉ፤ እዚህ ግላስጎው ደግሞ ቅዳሜና እሑድ የባራስ ገበያ አለ። ሄዳችሁ የምታዩት ብል የበላውን ቦታ ነው። ኪልቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ሽንሽኑን አንድ በአንድ ክፈቱ፤ ብል የሚወደው የማይታየውን እጥፋት ነው። ማሰሪያው ቢበጠስ አትፍሩ። እኔ ሁለት የቆዳ ማሰሪያ ያስቀየርሁት በ24 ፓውንድ ነው፤ ዘለበቱን አዘዋውሮ ወገቡን ማጥበብ ደግሞ 15 አስከፈለኝ። አምስት ወይም ሰባት ሴንቲ ሜትር ያህል በዚህ መንገድ ይስተካከላል።

የማይስተካከለው ቁመቱ ነው፤ ይህን ያወቅሁት በገንዘቤ ነው። ከአክሪሊኩ በኋላ በ80 ፓውንድ ጥሩ ሱፍ አገኘሁ፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይረዝመኛል። ኪልት ጉልበት መካከል ላይ ማለቅ አለበት። ሰፈሬ ውስጥ ሱሪ ወደሚያሳጥር ልብስ ሰፊ ወሰድሁት፤ ሰውየውም እንደ ሱሪ ከታች አጥፎ ሰፋልኝ፤ 20 ፓውንድም ተቀበለኝ። የኪልት ታችኛው ጫፍ ግን አይታጠፍም፤ ጨርቁ ከመሸመኛው ይዞት የወጣው የራሱ ጠርዝ ነው። ከታች ሲታጠፍ ሽንሽኑ ሁሉ ተነፋፍቶ ጃንጥላ መሰለ። የሚያሳጥረው ሰው ከወገቡ በኩል ፈትቶ እንደገና መስፋት ነበረበት፤ ያ ደግሞ ከኪልቱ ዋጋ ይበልጣል። ያ ጨርቅ ዛሬ የሶፋዬ ትራስ ልብስ ነው። ሦስተኛው፣ አሁን የምለብሰው፣ 110 ፓውንድ ነው፤ ከጥገናው ጋር 149። ሁሉንም ስደምረው 284 ፓውንድ አውጥቻለሁ፤ መጀመሪያውኑ ሜትር ይዤ ብወጣ ኖሮ 149 ይበቃኝ ነበር።

«ጎሳ የለህ፣ የየትኛውን ታርታን መብት አለህ?» የሚሉኝ አሉ፤ በአብዛኛው ሐበሾች ናቸው፤ ስኮትላንዳውያን ብዙም አያስጨንቃቸውም። በመንግሥት ላይ ከተነሣው የ1745 ዐመፅ በኋላ ሃይላንድ የሚባለው የስኮትላንድ ተራራማ አገር ልብስ በ1746 ሕግ ተከለከለ፤ የተፈቀደው በ1782 ነው። ዛሬ የምናየው እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ታርታን አለው የሚለው ልማድ በይበልጥ የተስፋፋው ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ በ1822 ኤድንብራን ከጎበኙ ወዲህ ነው። ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ቤተሰብ የማይጠይቅ ታርታን ከፈለጋችሁ ብላክ ዎች የሚባለውን ጥቁር ሰማያዊና አረንጓዴ ውሰዱ። የእኔም እሱ ነው፤ ያገለገለውም በቀላሉ ይገኛል፤ ቆሻሻም አያሳይም።

ታዲያ መቼ ይለበሳል? ጥሪው ላይ ከተጻፈ ወይም የሙሽራው ወገን ከለበሰ ሠርግ ላይ ያለ ጥርጥር። ጥር 17 አካባቢ በሚውለው፣ ገጣሚያቸው ሮበርት በርንስ በሚታሰብበት የበርንስ ምሽት፣ ኬሊ ባለበት ግብዣ፣ በምርቃት ቀን። ለማታ አጭሩ ፕሪንስ ቻርሊ ኮት፣ ለቀን አርጋይል የሚሉት ይሻላል፤ አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው አርጋይሉን ይግዛ፣ ለሁለቱም ይሆናል። ለቀብር የሟች ቤተሰብ ከለበሰ ብቻ፣ ያውም በጥቁር ኮትና በተራ የቆዳ ስፖራን። ሃምደን ስታዲየም ለእግር ኳስ ሹራብና ቦት ጫማ ይበቃል፤ ቢራ ስለሚፈስበት የ35 ፓውንዱ አክሪሊክ በዓለም ላይ የሚያስፈልግበት ብቸኛ ቦታ ይህ ነው።

ለሥራ ለብሼ ሄጄ አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ። ስኮትላንዳውያኑ ባልደረቦቼ በሙሉ ሱሪ ለብሰው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ዛሬ ማን ሊያገባ ነው ሲሉኝ ዋሉ። አገሬው ራሱ ወተት ለመግዛት ኪልት አይለብስም። በተራ ቀን መንገድ ላይ የምታዩት ወይ ለቱሪስት ባግፓይፕ የሚነፋ ነው፣ ወይ ወደ ግብዣ የሚሄድ። በተራ ቀን መልበስ ካማራችሁ የተራራ ጉዞ ላይ ልበሱት፤ እግርን ነፃ ያደርጋል፤ ሱፉም ቢረጥብ ይሞቃል። አውቶቡስ ላይ ስትቀመጡ ሽንሽኑን በእጃችሁ ከኋላ ጠርጋችሁ ተቀመጡ፤ ሴቶች እኅቶቻችን ይህን ከልጅነት ያውቁታል፤ እኔ ግን በሠላሳ ዓመቴ ነው የተማርሁት።

ወደ ቤተ ክርስቲያናችን አልለብሰውም። የስኮትላንዶቹ የቅዱስ እንድርያስ በዓል ኖቬምበር 30 በአብዛኛው ዓመት ከኅዳር ጽዮን ጋር አንድ ቀን ይውላል፤ ጠዋት ነጠላ፣ ማታ ኪልት ነው የእኔ ሥርዓት። በሐበሻ ሠርግም የአገር ልብስ እያለ ኪልት ምን ያደርጋል? እናቴ ፎቶዬን አይታ «ልጄ፣ ሱሪ መግዣ አጣህ እንዴ?» አለችኝ። የአፋር ወንዶች ሽርጥ ይለብሱ የለም ወይ ብላት «እነሱ ሙቀት ላይ ናቸው፤ አንተ በረዶ ላይ» ብላ ዘጋችው።

ካልሲ ውስጥ ስለሚሰካው ቢላዋም ልጨምር። ስኪያን ዱ የምትባለውን ትንሽ ቢላዋ ከብሔራዊ ልብሱ ጋር መያዝ በሕግ ይፈቀዳል፤ ልብሱን አውልቆ በኪስ ይዞ መዞር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አውሮፕላን ከሆነ ከታች በሚጫነው ሻንጣ ትግባ፤ የአንድ ወዳጄ ባለ 40 ፓውንድ ቢላዋ ፍተሻው ላይ ቀርታለች።

ጓደኛዬ ሠርጉ ዐሥራ ሁለት ቀን ስለቀረው ተከራይ አልሁት። ስልኩን ሊዘጋ ሲል የወንድሙ ሠርግም በመስከረም እዚሁ መሆኑን፣ የሥራ ባልደረባውም በታኅሣሥ እንደሚያገባ ነገረኝ። ሦስት መሆኑ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ባራስ ገበያ እንገናኛለን፤ ሜትሩን እኔ ይዣለሁ።