ኦብጀክት በሙሉ ኮፒ ለማድረግ፦ ጄሰን፣ ስትራክቸርድክሎን ወይስ ሎዳሽ?

አንድ ጊዜ በጃቫስክሪፕት የቀጠሮ ማስያዣ ገጽ ስሠራ አንዲት ስህተት ሁለት ቀን ሙሉ አሰረችኝ። ሰው ግንቦት 6 ቀን 2016ን ይመርጣል፣ ማረጋገጫው ላይ ግንቦት 5 ይወጣል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ የሚቀይረውን ኮድ ነበር። መስመር በመስመር አየሁት፣ ምንም የለበትም። ጥፋቱ ያለው ኦብጀክቱን፣ ማለትም የቀጠሮውን ዳታ የያዘውን፣ ኮፒ ባደረግኩባት አንዲት መስመር ላይ ነው። ዳታን በጽሑፍ መልክ በሚይዘው በጄሰን ነበር የሠራሁት፦ በጄሰን ስትሪንጊፋይ ወደ ጽሑፍ ቀይሬ፣ በጄሰን ፓርስ መልሼ ነበር።

ጄሰን ዴት የሚባለውን የቀንና የሰዓት ዓይነት አያውቅም። ወደ ስትሪንግ፣ ማለትም ወደ ጽሑፍ ይቀይረዋል፣ የሚጽፈውም በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ) ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ዩቲሲን በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ሜይ 14 ቀን 2024 የሚጀምርባት እኩለ ሌሊት «2024-05-13» 21:00 ሆና ተጻፈች። እኔ ደግሞ ስትሪንግ ሆኖ ስላገኘሁት የመጀመሪያዎቹን 10 ካራክተሮች ቆርጬ ወሰድኩ። አንድ ቀን ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ዲፕ ኮፒ (ውስጥ ያለውን ሁሉ የሚገለብጥ ኮፒ) የሚያስፈልጋቸው ሰዎች የቱን ልጠቀም ሲሉኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። መሣሪያዎቹ ሁሉም በነጻ ይገኛሉ። ዋጋቸው የሚታወቀው ሲገለብጡ ምን ጥለው እንደሚቀሩ ሲታይ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጣሉትን ነገር ይናገራሉ ወይስ ዝም ይላሉ?

ሁሉንም በአንድ ኦብጀክት እንፈትናቸው። ቀጠሮ የሚባል ኦብጀክት አለን እንበል። ውስጡ ቀኑ በዴት አለ። የአገልግሎት ዋጋዎች በማፕ (ስምን ከዋጋ ጋር አጣምሮ በሚይዝ ዓይነት) አሉ። ያልተሞላ የስልክ ቁጥር አለ፣ የያዘው አንዲፋይንድ (ምንም ያልተሰጠው) ነው። ድምር የሚባል ሜተድ (የራሱ ፋንክሽን) ካለው ክላስ (የኦብጀክት ንድፍ) የተፈጠረ ሂሳብ አለ። ደንበኛም አለ፣ እሱ ደግሞ ተመልሶ ወደ ቀጠሮው ይጠቁማል።

ሦስቱን ነጥብ (...)፣ ማለትም ስፕሬድን፣ ቶሎ እንለፈው። የሚገለብጠው የላይኛውን ደረጃ ብቻ ነው። ቅጂው ላይ አንድ ዋጋ ብትቀይሩ ዋናው ላይም ይቀየራል፣ ማፑ የሁለቱም የጋራ ነውና። ሪአክት (የገጽ መሥሪያ ላይብረሪ) ላይ አንድ ፊልድ ለመቀየር ግን ይበቃል፣ ዲፕ ኮፒ ጭራሽ አያስፈልግም።

የጄሰኑ ዘዴ ቀጠሯችንን እንደተቀበለ ኤረር ይሰጣል፣ ደንበኛው ወደ ቀጠሮው ስለሚመለስ ዙሩን መጨረስ አይችልም። ይሄ ደግ ነው፣ ቢያንስ ተናገረ። ችግሩ የሚመጣው ዙሩን ስታወጡለት ነው። አሁን ምንም ሳይል ይሠራል። ዴቱ ስትሪንግ ይሆናል። ማፑ ባዶ ኦብጀክት ሆኖ ይወጣል፣ ዋጋዎቹ በሙሉ የሉም። ስልኩ ከነስሙ ይጠፋል። ናን (ልክ ያልሆነ ቁጥር) ቢኖር ነል (ባዶ) ይሆናል። ድምርም የለም። አንድም ማስጠንቀቂያ አታዩም። ቁጥር፣ ስትሪንግና ተራ ዝርዝር ብቻ ላለው ዳታ ጥሩ መሣሪያ ነው። ከዚያ ውጭ ግን እኔ አልመክረውም።

ስትራክቸርድክሎን ብሮውዘሩ ውስጥ ያለ ነው፣ ምንም አትጭኑም። ክሮም ከ98፣ ፋየርፎክስ ከ94፣ ሳፋሪ ከ15.4፣ ጃቫስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጭ የሚያስኬደው ኖድም ከ17 ጀምሮ አላቸው። አሠራሩ ራሱ ግን ከዚያም ይቀድማል። ለዌብ ወርከር (ከገጹ ጎን ለሚሠራ ኮድ) መልእክት ስትልኩ ወይም ኢንዴክስድዲቢ (የብሮውዘሩ ዳታቤዝ) ውስጥ ስታስቀምጡ ከጀርባ የሚሠራው እሱ ነው። ቀጠሯችንን ስንሰጠው ዴቱ ዴት፣ ማፑም ማፕ ሆኖ ይመጣል። ስልኩ አንዲፋይንድ እንደሆነ ይቀመጣል። ዙሩም በትክክል ይገለበጣል፣ የቅጂው ደንበኛ የሚጠቁመው ወደ ቅጂው ቀጠሮ ነው።

አንዱ ፊልድ ፋንክሽን ከሆነ ዳታክሎንኤረር ይሰጣል፣ ለገጽ ኤለመንትም እንዲሁ። ብዙ ሰው በዚህ ይማረርበታል። እኔ ግን የምወደው ለዚሁ ነው፣ የማይችለውን አልችልም ይላል። ቪዩን (ሌላ የገጽ መሥሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ ሪአክቲቩ ኦብጀክት ፕሮክሲ (በዋናው ላይ የተሸፈነ ሽፋን) ስለሆነ ያንኑ ኤረር ታገኛላችሁ። መጀመሪያ በቱሮው (toRaw) ከሽፋኑ አውጡት።

አንድ ቦታ ላይ ግን እሱም ዝም ይላል፣ ክላስ ላይ። ሂሳብ ዳታው ሁሉ ተሟልቶ ይመጣል፣ ፕሮቶታይፑ (የክላሱ ሜተዶች የሚገኙበት) ግን የለም። ቅጂው ላይ ድምርን ስትጠሩ «ፋንክሽን አይደለም» ይላችኋል። ኤረሩ የሚመጣው ኮፒው ከተደረገበት ርቆ ስለሆነ ምንጩን ለማግኘት ያደክማል።

ክላስ የበዛበት ኮድ ካላችሁ ሎዳሽ የሚባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ክሎንዲፕ ይሻላል። ፕሮቶታይፑን ይጠብቃል፣ ዙርም፣ ማፕም፣ ዴትም ያውቃል። ሂሳብም ከነድምሩ ይመጣል። ነገር ግን ፋንክሽን የሆነ ፊልድ ሲያጋጥመው አይገለብጠውም፣ ያንኑ የድሮውን ያጋራል። ክላሱ ውስጥ ድምርን በአሮው ፋንክሽን (በ=> በሚጻፈው) ጽፋችሁት ከሆነ ተጠንቀቁ። የቅጂው ድምር የሚያየው የዋናውን ኦብጀክት ዳታ ነው። በሃሽ ምልክት የሚጀምሩ የግል ፊልዶች ደግሞ ወደ ቅጂው አያልፉም፣ የሚነካቸው ሜተድ ሲጠራ ኤረር ይመጣል። ለእንዲህ ዓይነት ክላስ ከማንኛውም ላይብረሪ ይልቅ ክላሱ ውስጥ የራሳችሁን የኮፒ ሜተድ ብትጽፉ ይሻላል። አምስት መስመር አይሞላም።

ወደ ሰርቨር መላክ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ስትራክቸርድክሎንም ሎዳሽም ጽሑፍ አያወጡም። ሁለቱም ጫፍ ጃቫስክሪፕት ከሆነ ሱፐርጄሰን ወይም ዲቫሊዩ የሚባሉትን ላይብረሪዎች እዩ። ሱፐርጄሰን ተራውን ጄሰን ይጽፍና ከጎኑ «ይህ ዴት ነው፣ ያ ማፕ ነው» የሚል መግለጫ ያያይዛል። የወጣውን በዓይን ማንበብ ስለሚቻል እኔ እሱን እመርጣለሁ። ዲቫሊዩ ከስቬልትኪት (የዌብ ፍሬምወርክ) ጋር ይሠራል፣ ዙርም አያስቸግረውም። ከወዲያኛው ጫፍ ፓይተን ወይም ፒኤችፒ ካለ ግን ሁለቱም ብዙ አይጠቅሙም። እያንዳንዱ ፊልድ እንዴት እንደሚጻፍ ከሰርቨሩ ሰው ጋር ተነጋግሮ መወሰን ነው።

ያን የቀጠሮ ገጽ ኮፒውን በስትራክቸርድክሎን ቀየርኩት፣ ማረጋገጫው ተስተካከለ። ወደ ሰርቨር ሲሄድ ግን ቀኑ እንደገና ወደ ኋላ ተመለሰ፣ መላኪያው ያው ጄሰን ነውና። በመጨረሻ ዴቱን ራሱን አወጣሁት። ቀጠሮው ቀን እንጂ ሰዓት የለውም፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው «2024-05-14» ተብሎ በስትሪንግ ተያዘ። አሁን በየትኛውም መንገድ ኮፒ ቢደረግ ግንቦት 6 ሆኖ ይወጣል።